ሶክታሬ፦ ሰዎቿ ከቤታቸው ሳይወጡ መንግሥትም ብሔርም የተቀየረባቸው መንደር

 የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። በጽሑፉ ውስጥ የሚመጡት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡኻራ ሲባል አብዛኞቻችን ቀድመው የሚታወሱን ኢማም አል ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ቀጥሎ ከተማዋ፣ መድረሳዎቿ፣ ረጅሙ የካልያን ሚናራ። ነገር ግን የዚያን አገር ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ታላላቆቹ ሰዎች ከከተማው ይልቅ በዙሪያው ካሉት ትናንሽ መንደሮች ጋር የተያያዙ ናቸው። ኢማሙ ራሳቸው የተወለዱት በከተማው ቢሆንም በ256 ሂጅራ (870) ያረፉት በሰመርቀንድ አቅራቢያ ኸርተንግ በምትባል መንደር ነው። ሐኪሙ ኢብኑ ሲና የተወለደው አፍሻና በምትባል የቡኻራ ገጠር ነው። የነቅሽበንዲያ ጠሪቃ የሚጠራባቸው በሃኡዲን ነቅሽበንድም የመንደር ልጅ ነበሩ። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሸይኽ ዐብዱልኻሊቅ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚታወቁት በትውልድ ቀያቸው ስም ነው፤ ጊጅዱዋኒ።

ከዚያው ከጊጅዱዋን ሳንወጣ ወደ አንዲት ትንሽ መንደር እንሂድ። ስሟ ሶክታሬ ነው። ፋርስኛ የሚነገርባት የገበሬ መንደር ናት፤ ፋርስኛውን ዛሬ በዚያ አገር ታጂክኛ ይሉታል። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ይህች መንደር በአሚር፣ ከዚያ በሕዝብ ሪፐብሊክ፣ ከዚያ በሶቪየት ኡዝቤኪስታን ሥር ሆናለች፤ ዛሬ ደግሞ በነጻዋ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ናት። አንድም ቤት ከቦታው አልተነቃነቀም። የተቀየረው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ግን ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ወደ ፊት እናያለን።

ስለ ሶክታሬ ይህን ያህል የምናውቀው ከልጆቿ አንዱ ጸሐፊ ስለሆነ ነው። ሰድሪዲን ዐይኒ በ1878 እዚያ ተወለደ። አባቱ ሰይድ ሙራድ ኾጃ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ገበሬ ነበር። ልጁን ለትምህርት ወደ ቡኻራ የመላክ ጉጉት ነበረው፤ ሆኖም በ1889 በአካባቢው በገባው የኮሌራ ወረርሽኝ አባትም እናትም በአንድ ዓመት ሞቱ። ልጁ በቀጣዩ ዓመት ወደ ቡኻራ ሄዶ በሚር ዐረብ መድረሳ ገባ። በስተርጅናው፣ ከ1949 እስከ 1954 ባለው ጊዜ፣ «ያድዶሽትሆ» የሚሉትን የማስታወሻ መጽሐፉን በአራት ክፍል ጻፈ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ገጠር ልጅነቱ ነው። የአሚሩን ዘመን የገጠር ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ ማለፍ አይችልም።

መጽሐፉ የተጻፈው በስታሊን ዘመን መሆኑን ግን መርሳት የለብንም። አሚሩንና ሹማምንቱን ጥሩ አድርጎ መሳል በዚያ ጊዜ የሚታሰብ አልነበረም፤ መጽሐፉ በ1950 የስታሊን ሽልማት ማግኘቱም ይህንኑ ያሳያል። ስለዚህ ስለ መድረሳዎቹና ስለ ዑለሞቹ የሚለውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ስለ መሬቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ጎረቤቶቹ የሚለው ግን የልጅነት ዓይን ያየው ነው።

ሶክታሬ ያለችው በዘረፍሻን ወንዝ በሚጠጣው ለም መሬት ላይ ነው። ዘረፍሻን በፋርስኛ «ወርቅ በታኝ» ማለት ነው። ስሙ የተጋነነ አይደለም፤ ወንዙ ባይኖር ያ አገር በሙሉ በረሃ ነው። ጊጅዱዋን ከቡኻራ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከጎኑ ያለው የሾፊርኮም አካባቢ በዐይኒ ልጅነት ዘመን አሸዋ እየገፋው ነበር። ቦዩ በአሸዋ ሲሞላ እርሻው ይደርቃል፤ እርሻው ሲደርቅ ሰዉ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። የዐይኒ እናት ዘመዶች የነበሩበት ወገን ይህን ያየ ነው።

በዚያ ዘመን የመንደሯ «አስተዳደራዊ ደረጃ» ምን ነበር ብንል መልሱ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ቡኻራን የሚገዙት የመንጊት ሥርወ መንግሥት አሚሮች ነበሩ። በ1868 በሩሲያ ጦር ተሸንፈው የንጉሠ ነገሥቱ ጥገኛ ቢሆኑም በውስጥ አስተዳደራቸው አልተነኩም። አገሩ በዊላያ ተከፍሎ ነበር፤ በዋና ከተማው ዙሪያ ያለው ለም መሬት ደግሞ ቱማን በሚባሉ ወረዳዎች ተከፍሎ ነበር። ጊጅዱዋን አንዱ ቱማን ነው። በየቱማኑ ቃዲ አለ፤ የሰዉን ሥነ ምግባርና የሃይማኖት ዕውቀት የሚቆጣጠር ራኢስ አለ፤ ግብር የሚሰበስብ አምላክዳር አለ።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። «አምላክ» የሚለው ቃል እዚህ ከአማርኛው ቃል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። «ሚልክ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ይዞታ፣ ንብረት ማለት ነው። አምላክዳር ማለት የመንግሥትን መሬት የያዘ ሹም ነው። በመጀመሪያ ሳነበው እኔም ደንግጬ ነበር።)

ከመንደሩ በኩል ያለው ሰው አቅሰቃል ይባላል፤ በቱርክኛ ቋንቋዎች «ነጭ ጺም» ማለት ነው። ከእኛው ጭቃ ሹም ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነበረው፤ ግማሽ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ግማሽ የመንግሥት ተላላኪ። ውሃውን የሚያከፋፍለው ደግሞ ሚራብ ነው፤ ሚር እና አብ ከሚሉት ቃላት የተገጠመ ነው፤ የውሃ አሚር እንደማለት። በደረቅ አገር ከቃዲውም ከአምላክዳሩም ይልቅ ገበሬው የሚፈራው ሚራብን ሳይሆን አይቀርም።

መሬቱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ የመንግሥት፣ የግልና የወቅፍ። ከመሬቱ ኸራጅ ይከፈላል፤ ከከብቱና ከንግዱ ዘካ ይሰበሰባል። ኸራጁ የሚተመነው አውድማ ላይ ነው። ገበሬው እህሉን ወቅቶ ይከምራል፤ አምላክዳሩ ወይም ሰዎቹ መጥተው እስኪገምቱ ድረስ አንድ ቁና እንኳ ማንሳት አይችልም። ገማቹ ሲዘገይ ዝናብም ወፍም የሚበላው የገበሬውን ድርሻ ነው። አያቶቻችን የአስራት ገማች ሲመጣ ያዩትን የነገሩን ሰዎች ነገሩን በቀላሉ እንረዳዋለን።

እንግዲህ ይህ መንግሥት አውድማውን ቆጥሯል፤ ሰዉን ግን አልቆጠረም። የቡኻራ አሚሮች እስከ ውድቀታቸው ድረስ ዘመናዊ የሕዝብ ቆጠራ አላካሄዱም። ሩሲያ በ1897 በመላ ግዛቷ ያካሄደችው ቆጠራ ሰመርቀንድንና ታሽከንትን ያካተተ ሲሆን አሚሩ የሚገዛውን ሕዝብ አልነካም። የሶክታሬ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቅ ነበር፤ ስንት አመረትክ፣ ስንት ከብት አለህ። ማን ነህ ያለው አልነበረም።

ቢጠየቅስ ምን ይል ነበር? ዐይኒ የመንደሩን ነዋሪዎች ሲዘረዝር አራት ወገን ይጠራል፤ ታጂኮች፣ ኡርጌንጆች፣ ዐረቦችና ኾጃዎች። ኡርጌንጆቹ አያቶቻቸው ከኸዋሪዝም በኩል የመጡ ናቸው። ዐረቦቹ ከጥንት ጀምሮ በዚያ አገር የሰፈሩ ናቸው፤ በቡኻራ ገጠር ጆጋሪና ዐረብኻና በሚባሉ መንደሮች የመካከለኛው እስያ ዐረብኛ እስከ ቅርብ ዘመን ሲነገር ቋንቋ አጥኚዎች መዝግበውታል። ኾጃዎቹ ዘራቸውን ወደ ነቢዩ ﷺ ቤተሰብ ወይም ወደ ቀደምት ሰለፎችና ሸይኾች የሚቆጥሩ ናቸው፤ የዐይኒ ቤተሰብ ከእነዚህ ነው። በመንደሩ ፋርስኛም ቱርክኛም ይሰማል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ይናገራል።

ልብ በሉ፤ ከአራቱ ስሞች አንዳቸውም በቋንቋ ብቻ የተሰጡ አይደሉም። አንዱ የመጣበትን አገር፣ አንዱ ዘሩን፣ አንዱ የሃይማኖት ክብሩን ይናገራል። ኾጃ ሆኖ ፋርስኛ መናገር፣ ዐረብ ተብሎ ቱርክኛ መናገር ማንንም አይገርምም። አሚሩ ራሱ በዘሩ ቱርክ ሲሆን የጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ፋርስኛ ነበር። የውጭ ሰው መጥቶ «ምንድን ናችሁ?» ቢላቸው የመጀመሪያው መልስ «ሙስሊም ነን» ነው፤ ሁለተኛው የቀያቸው ስም ነው። በ1920ዎቹ የሄዱ የሶቪየት ባለሙያዎች ይህን መልስ እየሰሙ ተቸግረው ነበር፤ በቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ሳጥን አልነበረማ።

በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ 1920 በፍሩንዜ የሚመራው ቀይ ጦር ቡኻራን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። የመጨረሻው አሚር ዐሊም ኻን ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ አፍጋኒስታን ሸሽቶ በ1944 ካቡል ውስጥ ሞተ። ዐይኒ ለአሚሩ የሚያዝንበት ምክንያት አልነበረውም፤ በ1917 በአሚሩ ትእዛዝ 75 ጅራፍ ተገርፎ እስር ቤት ተጥሎ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወንድሙ ተገድሏል። እሱም ወደ ሰመርቀንድ ሸሽቶ ቀሪውን አብዛኛውን ዕድሜውን እዚያው አሳለፈ።

ሶክታሬ አሁን የቡኻራ ሕዝባዊ ሶቪየት ሪፐብሊክ ሆነች። አዲሶቹ መሪዎች «ወጣት ቡኻራውያን» የሚባሉት ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ፈይዙላ ኾጃየቭና ዐብዱረኡፍ ፊጥረት ይገኛሉ። አብዛኞቹ ቤታቸው ፋርስኛ የሚነገርባቸው የከተማ ልጆች ናቸው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የእድገት ምሳሌ አድርገው የሚያዩት ኢስታንቡልን ስለነበር ቱርክኛን የአዲሱ ዘመን ቋንቋ፣ ፋርስኛን የአሮጌው ቤተ መንግሥት ቋንቋ አድርገው ያዩ ነበር። ፊጥረት ራሱ መጀመሪያ የጻፋቸው ሥራዎች በፋርስኛ ነበሩ። ሪፐብሊኩ ኡዝቤክኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። የዘመናት የጽሕፈት ቋንቋ በአንድ ውሳኔ ከጽሕፈት ቤት ወጣ።

ከዚያ 1924 መጣ። ሞስኮ የመካከለኛውን እስያ ካርታ በብሔር ከፋፍላ እንደገና ሳለችው። በጥቅምት ወር የቡኻራ ሪፐብሊክ ጠፍታ ኡዝቤክና ቱርክመን የሚባሉ ሪፐብሊኮች ተወለዱ። ታጂኮች የተሰጣቸው በኡዝቤኪስታን ሥር ያለ ራስ ገዝ ሲሆን አብዛኛው የምሥራቅ ቡኻራ ተራራ ነበር። ዋና ከተማው ዱሻንቤ የሰኞ ገበያ ያላት መንደር ነበረች፤ ስሟም ሰኞ ማለት ነው። ፋርስኛ ለአንድ ሺህ ዓመት የተጻፈባቸው ሁለቱ ከተሞች፣ ሰመርቀንድና ቡኻራ፣ ከነመንደሮቻቸው በኡዝቤኪስታን ቀሩ። ሰመርቀንድማ ጭራሽ የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ሆነች፤ እስከ 1930።

የወሰኑ ኮሚሽን ተከራካሪዎች የሚጠይቁት «ቁጥር አምጡ» የሚል ነበር። ቁጥሩ የመጣው በ1926 ታኅሣሥ ወር ነው። የመላው ሶቪየት ኅብረት ቆጠራ ተካሄደ። ቅጹ ስለ ብሔረሰብ አንድ ጥያቄ፣ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሌላ ጥያቄ ነበረው። ቆጣሪው በየቤቱ እየዞረ ቤተሰቡን ይመዘግባል። ለሶክታሬ ዓይነት መንደር ይህ በታሪኳ አዲስ ነገር ነው፤ መንግሥት ስለ አውድማው ሳይሆን ስለ ማንነቷ ሲጠይቃት።

ውጤቱን በሰመርቀንድ ከተማ እንየው፤ ምክንያቱም ሰመርቀንድ በ1920ም ተቆጥራ ስለነበር ማነጻጸር ይቻላል። በ1920 በከተማው ከ44 ሺህ በላይ ታጂኮችና ከ3 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ኡዝቤኮች ተመዘገቡ። በ1926 ታጂኮቹ ወደ 10 ሺህ ገደማ ወርደው ኡዝቤኮቹ ከ43 ሺህ በላይ ሆኑ። ስድስት ዓመት ነው። ጦርነትም ረኀብም እንዲህ ያለ ልውውጥ አያመጣም። ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ያው ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው ቦታ የተለዋወጠው።

ገጠሩም እንደዚያው ነበር። በኹጀንድ ወረዳ ያሉት እንደ አሽት፣ ቀላቻና አቅጃር ያሉ መንደሮች በ1920 ታጂክ ተብለው ሲመዘገቡ በ1926 ኡዝቤክ ተብለው ተጻፉ። በፈርጋና፣ በሰመርቀንድና ከሁሉም በላይ በቡኻራ ገጠሮች ተመሳሳይ ነገር መድረሱ በዚያው ዘመን በነበሩ የታጂክ ባለሥልጣናት ተመዝግቧል።

እንዴት ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የአካባቢ ሹማምንት አስገድደው አስጻፉ» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ታጂክ ነኝ ያለ ሰው ወደ ታጂኮች አገር፣ ማለትም ወደዚያ ተራራ፣ ይላካል የሚል ወሬ በሰፊው ይነዛ ነበር። የወይን ተክልና የውሃ ተራ ያለው ገበሬ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ለቆጣሪው ምን እንደሚመልስ መገመት አይከብድም። ሥራ፣ የትምህርት ቤት ቦታ፣ የፓርቲ አባልነት በሪፐብሊኩ ስም ብሔር ቀለል እንደሚል የገባው የከተማ ሰውም ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ወንድም ታጂክ፣ ሌላው ኡዝቤክ ተብሎ መመዝገቡ በስፋት የሚነገር ነው።

ግን ይህ ብቻ ነው ብሎ መዝጋት ለእኔ ጎዶሎ ይመስለኛል። ሶክታሬን አስቡ። ኡርጌንጁ የት ይመዝገብ? ዐረቡስ? ዘሩን ወደ ነቢዩ ቤተሰብ የሚቆጥረው ኾጃ ለምን ታጂክ ወይም ኡዝቤክ ይባል? የተጭበረበረ ቆጠራ ነበር ስንል በስተጀርባው ትክክለኛ ቆጠራ ሊኖር ይችል ነበር ማለታችን ነው። በእንደዚህ ዓይነት መንደር ግን ጥያቄው ራሱ አዲስ ነበር። ሁለት ቋንቋ የሚናገርን ሰው አንዱን ብቻ ምረጥ ስትለው መልሱ የሚወሰነው በጠያቂው ነው። ይህን ስል የታጂኮቹን ቅሬታ ለማቃለል አይደለም፤ ከቁጥሩ የተነሳ ትምህርት ቤቶቻቸውን ያጡት እነርሱ ናቸውና። በቆጠራው ኡዝቤክ የተባለች መንደር የኡዝቤክኛ መምህር ነው የሚላክላት። ልጁ እቤት በእናቱ ቋንቋ ያወራል፤ ትምህርት ቤት ግን ያንን ቋንቋ ማንበብ አይማርም። አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ መዝገቡ እውነት መሆን ይጀምራል።

ዐይኒ ለዚህ ክርክር የሰጠው መልስ መጽሐፍ ነበር። በ1926፣ ያው ቆጠራው በተካሄደበት ዓመት፣ «ነሙናዪ አደቢያቲ ታጂክ» የተባለ የታጂክ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ ሞስኮ ላይ አሳተመ። ከሩደኪ ዘመን ጀምሮ እስከ ራሱ ዘመን ድረስ በዚያ አገር በፋርስኛ የጻፉትን ሰዎች ሥራ ሰብስቦ አስቀመጠ። «እዚህ ታጂክ የሚባል ሕዝብ የለም» ለሚሉት የተሰጠ መልስ ነው። መጽሐፉ ግን ብዙ አልቆየም፤ ለጥንቱ የቡኻራ አሚር የተገጠመ የሩደኪ ግጥም ስላለበት የንጉሥ ናፋቂ ሥራ ነው ተብሎ ታገደ። ግጥሙ ከተገጠመ አንድ ሺህ ዓመት አልፎታል፤ አሚሩም ሳማኒድ እንጂ መንጊት አልነበረም።

ሌላው የተናገረ ሰው ዐብዱልቃድር ሙሒዲኖቭ ነው። የቡኻራ ሀብታም ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከወጣት ቡኻራውያን አንዱ ሆኖ መጀመሪያ ላይ ከቱርክኛ ደጋፊዎቹ ጋር ቆሞ ነበር። የታጂክ ራስ ገዝ መንግሥት የመጀመሪያ መሪ ከሆነ በኋላ ግን በ1928 በይፋ ጻፈ፤ የቡኻራና የዙሪያዋ ሰው ታጂክ ነው ወይስ ኡዝቤክ ብሎ ጠየቀ፤ የራሱን ወገኖች ስሕተትም አነሳ። በ1934 ተገደለ። ክርክሩን በሌላኛው ወገን የመሩት ኾጃየቭና ፊጥረትም አልተረፉም፤ ሁለቱም በ1938 ተረሸኑ። ዐይኒ በአልጋው ላይ በ1954 መሞቱ የሚያስገርም ነው።

በ1929 ታጂኪስታን ከኡዝቤኪስታን ተለይታ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ሆነች። ኹጀንድና ዙሪያዋ ተሰጣት። ስለዚህ አሽት፣ ያቺ በቆጠራ ኡዝቤክ የሆነችው መንደር፣ ወደ ታጂኪስታን ገባች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ሰመርቀንድንና ቡኻራን የጠየቁት የታጂክ ተወካዮች ግን የ1926ቱ ቆጠራ ተገለጠላቸው፤ በወረቀቱ ላይ እዚያ ያሉት ኡዝቤኮች ናቸው። ሶክታሬ በኡዝቤኪስታን ቀረች። የታጂኪስታን የሳይንስ አካዳሚ በ1951 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው፣ የዘመናዊው የታጂክ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው ዐይኒ፣ የትውልድ መንደሩ በሌላ ሪፐብሊክ፣ የመኖሪያ ከተማውም በዚያው በሌላ ሪፐብሊክ ነበር።

ይህ የሶቪየት አሠራር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ደርግ በ1983 (በእኛ 1975) የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን ሲያቋቁም የተከተለው ይህንኑ ከሞስኮ የመጣ ሐሳብ ነው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለውን መስመር ሲሞላ እጁን ያዘገየ ሰው የሶክታሬን ገበሬ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የመንደሩ ታሪክ የሌሎቹም መንደሮች ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ መሬቱ ተጠቃሎ ኮልኾዝ ሆነ፤ ስንዴና ወይን ቦታቸውን ለጥጥ ለቀቁ። አቅሰቃሉ ቀርቶ የመንደር ሶቪየት መጣ። የዐረብኛው ፊደል በ1920ዎቹ መጨረሻ በላቲን፣ ላቲኑ በ1940 በሩሲያ ፊደል ተተካ፤ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ የሚችል ልጅ ጠፋ። በ1932 የውስጥ ፓስፖርት ሲጀመር ብሔርም በላዩ ላይ ተጻፈ። የኮልኾዝ ገበሬ ግን ፓስፖርቱን እንኳ አልተሰጠውም ነበር፤ ስሙ በመንደሩ ሶቪየት መዝገብ ብቻ ነበር። ፓስፖርት ለእርሱም ይገባል የተባለው በ1974 ነው። እስከዚያ ድረስ በሕግ ፊት ከመንደሩ የትም የማይንቀሳቀስ ሰው ነበር ማለት ነው። ዐይኒ የተማረበት ሚር ዐረብ መድረሳም ተዘግቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተከፍቷል፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ በመላው ሶቪየት ኅብረት በመንግሥት ፈቃድ ይሠራ የነበረ ብቸኛው መድረሳ ሊባል የሚችል ነበር።

በመጨረሻው የሶቪየት ቆጠራ፣ በ1989፣ በኡዝቤኪስታን ከ930 ሺህ በላይ ታጂኮች ተመዘገቡ፤ ከሕዝቡ 5 በመቶ የሚጠጋ። ከአገሪቱ ውጪ ያሉ ብዙ ተመራማሪዎች እውነተኛው ቁጥር የዚህ ብዙ እጥፍ ነው ይላሉ። ኡዝቤኪስታን በ1991 ነጻ ከወጣች በኋላ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አዲስ የሕዝብ ቆጠራ ሳታካሂድ ቆይታለች። በቡኻራና በሰመርቀንድ ገበያ የሚሄድ ሰው ግን ዛሬም ፋርስኛ ይሰማል፤ መታወቂያቸው ላይ ኡዝቤክ የተባሉ ሰዎች ይናገሩታል፤ ወዲያውም ወደ ኡዝቤክኛ ይዞራሉ።

ዛሬ ሶክታሬ በኡዝቤኪስታን፣ በቡኻራ ዊላያ፣ በጊጅዱዋን ቱማን ውስጥ ናት። ቃላቱን አስተዋላችሁ? ነጻነት ሲመጣ የሩሲያኛዎቹ «ኦብላስት» እና «ራዮን» ተነሥተው የአሚሩ ዘመን ቃላት ተመለሱ። ዊላያውንም ቱማኑንም የሚመራው ሹም «ሃኪም» ይባላል። የሰፈሩን ሽማግሌ ሰዉ እንደ ድሮው «አቅሰቃል» ብሎ ይጠራዋል። አምላክዳር የሚለው ስም ብቻ አልተመለሰም።

ወላሁ አዕለም።